በእማ ቢና ግራ በኩል

ፊላደልፊያ፣ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1971

ለአክስቴ ልጅ ለቲታ፣

በአንድ ምንጣፍ አስተኝቶ በአንድ ሳህን ያበላን አምላክ ከነጉልበትሽ ያቆይሽ። የደሴቱ ሰው ሁሉ ሰላም ይሁን፤ የሞቱትም ይረፉ፣ የቀራችሁትም አትጣሉ። እኔ ደህና ነኝ። ትንሽ ያስለኛል እንጂ ደህና ነኝ። የዚህ አገር ብርድ ከመጣሁ ጀምሮ ሲፈልገኝ ኖሮ ዘንድሮ አገኘኝ መሰለኝ። ልጄ ሎሬን ሐኪም ቤት ታመላልሰኛለች። ሐኪሙ ጀርባዬን እንደ በር ያንኳኳል፤ የሚከፍትለት ግን የለም።

የምጽፍልሽ ለአንድ ጉዳይ ነው። ከእናቴ አጠገብ፣ በግራዋ በኩል ያለውን ቦታ ለማንም እንዳትሰጪብኝ። በቀኟ አባቴ ተኝቷል፤ ግራው የኔ ነው። ሎሬን እዚህ ሣሩ በመቀስ የተከረከመ መካነ መቃብር አይታልኛለች። ደግ ልጅ ናት፤ ነገር ግን የወንዙ ውሃ የማይሰማበት ቦታ መተኛት አልችልም። ዛሬ ነገ ማለቴ አይደለም፤ ቀኑ ሲደርስ ለማለት ነው።

ሰማያዊው ማንቆርቆሪያዋ አሁንም ራስጌዋ አለ? ሞት ሌላ ሰው አስከትሎ እንዳይመለስ ታቹን ሰብሬ ያስቀመጥኩት እኔው ነኝ። ቅጠሉን ጥረጊላት። መልሱንም ቶሎ ላኪ። ኩተር፣ ኤሊ፣ ብላችሁ የቤት ስም ያወጣችሁት ለኔ ነው፤ መዘግየት የሚያምረው በኔ ነው።

ያንቺው ኩተር


ከደሴቱ፣ ማርች 9 ቀን 1971

ለወንድሜ ለኩተር፣

ሰማይን ያለ ምሰሶ ያቆመ ጌታ ደረትህን ያጽናልህ። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ወር አለፈ። ጉልበቴ ነው እንዳልልህ በጉልበት አይጻፍም። ብቻ ቀኑ እየገፋኝ ነው ያለፈው፤ ይቅር በለኝ።

ሸርጣኑ ዘንድሮ ሞልቷል፤ ሩዙ ግን ተወዷል። የቤተ ክርስቲያናችን ጣሪያ በየቦታው ያፈሳል፤ እኛም እንደ ድሮው ጠብታው የሌለበትን ወንበር ለመያዝ ማልደን እንመጣለን። ከዚህ የተነሣ ዲያቆን ሙሬይ ምእመኑ መንፈስ ቅዱስ ወረደበት ይላል። ማልደን የምንመጣው ጠብታውን ሸሽተን መሆኑን አልነገርኩትም።

እኔ አሁን የምሠራው ሃርግሮቭ ግቢ ነው፤ ቤት አጸዳለሁ። አንተ የምታውቀው የሃርግሮቭ እርሻ እንዳይመስልህ። አያቶቻችን ወገባቸው እስኪቆረጥ ጥጥ የለቀሙበት ማሳ፣ በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ ጌቶቹ ጥለውት ሲሸሹ የእኛ ሰዎች ድንች የዘሩበት፣ በኋላ ጌቶቹ ተመልሰው ለሰሜን ሀብታሞች ለአደን ያከራዩት፣ ያ ሁሉ አሁን ሣር ለብሷል። ድልድዩ ከተሠራ ወዲህ የሃርግሮቭ ልጆች ለኩባንያ ሸጡት፤ ኩባንያው ደግሞ ለጡረተኛ ቤት እየሠራ ይሸጣል። ጡረተኞቹ አንዲት ትንሽ ኳስ በዱላ ይመቱና በትንሽ መኪና ሲፈልጓት ይውላሉ። ካገኟት በኋላ እንደገና ይመቷታል። አንድ ቀን ለአንዱ፣ ካልፈለጓት ለምን አይተዋትም አልኩት፤ ሳቀና ሎሚናት ሰጠኝ።

ሰፈሩን ምን ብለው እንደሰየሙት ታውቃለህ? ፕላንቴሽን፣ እንደ ጥንቱ የባሪያ እርሻ። በሩ ላይ በወርቅ ቀለም ተጽፏል። እኛ ከአፋችን ልናወጣው የምንጠየፈውን ቃል እነሱ አሽሞንሙነው ሰቀሉት።

እናትህ በሰላም ተኝታለች። ቦታህን ማን ይወስድብሃል።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገርህ። ዲያቆን ሙሬይ ከፍርድ ቤት አንብቡ ተብሎ የመጣ ወረቀት ሦስት እሁድ አነበበልን። የወንዝ ዳር መሬት አላት የምትባል የሄንሪኤታ ሃርግሮቭ ወራሾች ካላችሁ ቅረቡ ይላል። ሃርግሮቭ! ጌቶቹ ዘመድ ጠፍታባቸው እኛ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ሊፈልጉ መጡ ብለን ሳቅን፤ ዲያቆኑም መነጽሩን አውልቆ ሳቀ። በኋላ ግን በሰው ጉዳይ መሳቃችን አሳፈረኝና ተነሥቼ ጸለይኩ። "ጌታ ሆይ፣ የዚህችን ሴት ዘመዶች ጆሮ ክፈት" አልኩ። ሰዉም አሜን አለ።

ሸፋፍነህ አትጻፍልኝ። ሳልህ እንዴት ነው?

ያንተው ቲታ (በወረቀት ኮራ)


ፊላደልፊያ፣ ማርች 15 ቀን 1971

ቲታ፣

ሰላምታውን ለሌላ ቀን እናቆየው። ሄንሪኤታ ሃርግሮቭ እናቴ ናት።

በዓለም ጦርነቱ ዘመን ለውትድርና ስመዘገብ ጸሐፊው የእናትህ ስም ማን ነው አለኝ። ቢና አልኩት። እሱ የድመት ስም ነው፣ ሄደህ የሰው ስሟን ጠይቀህ ና ብሎ መለሰኝ። ቤት ሄጄ ጠየቅኋት። ከዚያ እጄን ይዛ ከቤቱ ጀርባ፣ ከዶሮው ማደሪያ ኋላ ወሰደችኝ። እዚያ ነው የነገረችኝ። አባቷ የጌትየው ሁለተኛ ልጅ ነበር፤ አያታችን ሳትወድ የወለደቻት ናት። ሰውየው ሊሞት ሲል ያቺን የወንዝ ዳር ቁራጭ መሬት፣ ከነመቃብራችን፣ በእሷ ስም አስጻፈላት። ለአፍ ማዘጊያ ነው። "መሬቱን ይዤዋለሁ፤ ስሙን ግን ወረቀት ይያዘው እንጂ ቤቴ እንዳይገባ" አለችኝ። ለአባቴም አልነገረችም። እህቷ ለሆነችው ለእናትሽም እንኳ የነገረች አይመስለኝም። ተመልሰን ቤት ስንገባ ቢና ሆና ገባች፤ ቢና ብለንም ቀበርናት።

አንቺን አልወቅስም። ማንም ሰው ሰምቶት የማያውቀውን ስም እንዴት ያውቀዋል። ነገር ግን ዛሬ ነገ አትበይ። ተነሽና ፍርድ ቤት ሂጂ። ወራሽ አለ በያቸው፤ ሩፈስ ይባላል፣ በሕይወት አለ በያቸው።

መቃብሩ እንዴት እንደሆነም እውነቱን ጻፊልኝ። "በሰላም ተኝታለች" ብለሽ ያለፍሽው ነገር አላማረኝም። አንቺ ስትዋሺ አጭር ነው የምትናገሪው።

ኩተር


ከደሴቱ፣ ኤፕሪል 2 ቀን 1971

ወንድሜ ኩተር፣

አምላክ ትዕግሥት ይስጥህ፤ ለኔም ይስጠኝ፤ ዛሬ ለሁለታችንም ያስፈልገናል።

ደብዳቤህን ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ ቁጭ ብዬ ግን አለቀስኩ። እኔ በገዛ አፌ የዘመዶቿን ጆሮ ክፈት ብዬ የለመንኩት ለገዛ ጆሮዬ ኖሯል። ዲያቆን ሙሬይ ዘንድ ሄጄ ስነግረው መነጽሩን አወለቀ፤ መልሶ አላደረገውም። ቢና ናት? ቢና ናት? እያለ እንደ ሕፃን ጠየቀኝ። እሱም ያደገው እሷ በጠበሰችው ዓሣ ነው።

ማግስቱን አብረን ፍርድ ቤት ሄድን። ጸሐፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን አገላብጦ ቀኑ አልፏል አለን። መሬቱ ወራሽ የሌለው ተብሎ ለኩባንያው ተላልፏል።

"በቤተ ክርስቲያናችሁ ሦስት ጊዜ ተነቧል ይላል። አልሰማችሁም?" አለኝ።

"ሰምተናል" አልኩት።

"ታዲያ ምን አደረጋችሁ?"

"ጸለይንላት።"

ሰውየው ብዕሩን አስቀመጠና ወደ መስኮቱ ዞረ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት የኛ ነገር ነው።

እውነቱን ጻፊልኝ ብለሃል፤ እነሆ። ወደ መቃብሩ እንደ ድሮው አይኬድም። ከወርቁ ጽሕፈት ሥር ጠባቂ አለ፤ የትኛው ቤት ነው የምትሄዱት ይላል። የሞቱ ሰዎች ቤት ቁጥር የለውም። ስለዚህ ከጽዳት ሴቶቹ ጋር ሽርጤን ታጥቄ በመኪና እገባለሁ፤ የሥራ ቤቴን ቁጥር እናገራለሁ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ሮጥ ብዬ እናትህ ዘንድ እሄድና ሳይፈልጉኝ እመለሳለሁ። ሰማያዊው ማንቆርቆሪያ የለም። ጽዋዎቹም፣ የአጎት ሚንጎ መብራትም፣ የሕፃናቱ ማንኪያዎችም የሉም። ሰው በመጨረሻ የጨበጠውን ዕቃ ሣር አጫጆቹ ቆሻሻ መስሏቸው በማዳበሪያ ከረጢት ሰብስበው ወሰዱት። ይህ የሆነው የመጀመሪያው ደብዳቤህ ከመድረሱ በፊት ነው። ሳልነግርህ የቆየሁት አፌ እምቢ ብሎኝ ነው።

ከዚህ የሚብሰውን ልጨርስልህ። ከጁን መጀመሪያ ጀምሮ መቃብሩን ሊያነሡት ነው። ውሃ ዳር ያለው ቦታ ኳሷ ለምትገባበት ጉድጓድ ተፈልጓል። አጥንቱን በትናንሽ ሣጥን አድርገው ከተማው ጥግ፣ ትልቁ አውራ ጎዳና አጠገብ ወደሚገኘው መካነ መቃብር ያጋዙታል። እዚያ የሚገባው የተነሣ አጥንት ብቻ ነው፤ አዲስ ሰው አይቀበርበትም። ሣጥን በሣጥን ላይ ነው የሚደረደረው። በእናትህ ግራም ሣጥን፣ በቀኟም ሣጥን ነው የሚሆነው።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የእሷ ስም ግን ከመቃብሯ ነቅሎ አወጣት። ኩተር፣ ምን ላድርግ? ንገረኝና የምትለኝን አደርጋለሁ።

ቲታ


ፊላደልፊያ፣ ኤፕሪል 19 ቀን 1971

ቲታ፣

ይህን የምትጽፍልኝ ሎሬን ናት፤ እጄ እንደ ድሮው አልታዘዝ ብሎኛል። ሎሬን፣ እንዳልኩሽ ጻፊው፤ አታሳምሪው።

ለምኚልኝ። ፍርድ ቤቱ ካልሰማ ኩባንያውን ለምኚ። ስሟን ንገሪያቸው፤ ያ ስም የሚከፍተው በር ካለ አንኳኪበት። ተንበርከኪ ካሉሽ ተንበርከኪልኝ፤ እኔ ብችል ራሴ እመጣ ነበር። ሐኪሙ አሁን ማንኳኳቱን ትቷል። ቁጭ ብሎ የቤተሰቤን ወሬ ይጠይቀኛል፤ ሐኪም ወሬ ሲጠይቅ ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ።

የናፈቀኝ ምግብ አይደለም፣ ሰውም አይደለም። ሰው የመጨረሻ ቦታውን ሳያውቅ ሲተኛ እንቅልፍ አይወስደውም። ከእናቴ አትለዪኝ። ምንም ቢጠይቁሽ እሺ በያቸው።

ኩተር


ከደሴቱ፣ ሜይ 6 ቀን 1971

ለወንድሜ ለኩተር፣ ለምትጽፍለትም ለሎሬን፣

ልጄ ሎሬን፣ እጅሽ ይባረክ፤ አባትን የምታገለግል እጅ አትደርቅም። ይህንን ቀስ ብለሽ አንብቢለት፤ ሲያስለው አቁሚ።

ሄድኩልህ። የኩባንያው ቢሮ የድሮው ትልቁ ቤት ውስጥ ነው። እናትህ በዕድሜዋ ደረጃውን ረግጣው አታውቅም፤ ዓሣ ስትሸጥላቸው እንኳ ከአጥር ውጭ ቆማ ነበር። እኔ ረገጥኩት። አንድ ቁምጣ የለበሰ ወጣት ተቀበለኝ፤ ቁምጣ ለብሶ ሰው የሚያፈናቅል አለቃ አይቼ አላውቅም። ወንበር ሰጠኝ። ሽርጤን አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ነበር የገባሁት፣ ግን ሳያውቀኝ አልቀረም፤ የአክስቱን ቤት የማጸዳው እኔ ነኝ።

ሄንሪኤታ ሃርግሮቭ አክስቴ ናት፣ ልጇም በሕይወት አለ፣ ከእናቱ ጎን መቀበር ይፈልጋል አልኩት። ስሙን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። ቆይ ብሎ ቻርልስተን ላለችው ለመጨረሻዋ የሃርግሮቭ አሮጊት፣ ለሚስ አድሌይድ ደወለ። በሌላ ቀን ተመለሽ አለኝ፤ ተመለስኩ። ሚስ አድሌይድ አስባበት ፈቅዳለች አለኝ።

የፈቀደችው ምን መሰለህ? የጌቶቹን መቃብር ታውቀዋለህ፤ የብረት አጥር ያለውን፣ ከትልቁ የኦክ ዛፍ ሥር፣ እዚያው ወንዙ ዳር ያለውን። እሱን አይነኩትም። እሱ ታሪክ ነው ይላሉ፤ የእኛ ግን ቦታ የያዘ አጥንት ነው። በአጥሩ ውስጥ፣ ጥጉ ላይ፣ ለእናትህ ቦታ ሰጥተዋል። ከጎኗም ለአንተ። በግራዋ በኩል! እኔው ራሴ ገብቼ አየሁት። ውሃው ይሰማል። ማንም እዚያ ላይ ኳስ አይመታም። መካነ መቃብሩን ለመጎብኘት ከየቦታው ለሚመጡ ሰዎች ግን ሰሌዳ ያቆማሉ። ሰሌዳው የሚለውን አነበበልኝ፦ "ሄንሪኤታ፣ የሃርግሮቭ ቤተሰብ ታማኝ አገልጋይ።"

"አገልጋይ?" አልኩት። "የገዛ ደማቸው ናት። ስሟ እኮ ሃርግሮቭ ነው፤ እናንተው ናችሁ በዚህ ስም የጠራችኋት።"

"እማማ፣ እሱ ለጎብኚ ይከብዳል" አለኝ። በትሕትና ነው ያለው።

ምን መለስኩለት መሰለህ? ዝም አልኩ። እኔ ቲታ፣ ምላሴን ሰው የሚሸሸው፣ ዝም አልኩ። ቦታህ ዓይኔ ላይ ነበረና። መሬቷን ሲወስዱ ሃርግሮቭ ናት፤ ጎናቸው ስትተኛ አገልጋይ ናት። ይህን ልለው ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ዋጥኩት፤ እስከ አሁን አልወረደልኝም።

ግን ስማኝ ወንድሜ። ሰሌዳ እንጨት ነው፤ ዝናብ ይበላዋል። ውሃው ግን እዚያው ነው። እናትህ በአውራ ጎዳና ጥግ፣ በጭነት መኪና ጩኸት ውስጥ ሣጥን ተጭኖባት ከምትተኛ ይህ ይሻላታል። አንተም እዚያ የሎሬን ሣር ውስጥ ብቻህን ከምትሆን ይህ ይሻልሃል። እነሱ ያሉትን ይበሉ፤ እኛ ማን እንደሆነች እናውቃለን። የመፈረሚያውን ወረቀት ልኬልሃለሁ። ልጇ ነህና የምትፈርመው አንተ ነህ።

ቲታ


ከደሴቱ፣ ሜይ 21 ቀን 1971

ኩተር፣

ዝም አልክ። ፖስታ አመላላሹ ከሩቅ ሲያየኝ እጁን ማወዛወዝ ጀምሯል፤ የለም ማለቱ ነው። በሕይወት ካለህ አንዲት መስመር ላክልኝ። ሎሬን፣ እሱ ካልቻለ አንቺ ጻፊልኝ።

ቢጫ የሆኑ ትላልቅ ማሽኖች ገብተው ከመቃብሩ ወዲህ ቆመዋል። በእያንዳንዱ መቃብር ላይ ትንሽ ባንዲራ ተክለዋል፤ የሕፃናቱም ላይ። ቁምጣ ለባሹ ትናንት ቤት ሳጸዳ መጣና፣ ልጁ ካልመለሰ አንቺም ዘመድ ነሽ፣ ያንቺ ፊርማ ይበቃናል አለኝ። የሰጠኝ ሌላው የወረቀቱ ቅጂ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ብዕሩን አንሥቼ አስቀመጥኩት፤ እንደገና አነሣሁት። ዝምታህን እሺ ብዬ ልያዘው? እሺ ነው ብዬ ብፈርምና ባትወደው በምን ዓይኔ አይሃለሁ? ባልፈርምና ብትሞት ደግሞ የት ነው የማገኝህ?

ፈራሁ ኩተር። እንደዚህ ፈርቼ አላውቅም። አንተው ንገረኝ።

ቲታ


ፊላደልፊያ፣ ሜይ 25 ቀን 1971

ለእህቴ ለቲታ፣

የለመነ እጅሽን፣ የተዋረደ ጉልበትሽን አምላክ ይቁጠርልሽ። ይህንን በራሴ እጅ ነው የምጽፈው፤ ሎሬን እንድታግዘኝ አልፈለግሁም። ፊደሉ ቢንጋደድ ታገሺው።

የዘገየሁት ታምሜ ብቻ አይደለም። ደብዳቤሽ በደረሰኝ ቀን ልፈርም ብዕር አስመጣሁ። እውነቱን ነው የምነግርሽ፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ግራዋ ተገኘ አልኩ። ሎሬን እንኳ ደስታዬን አይታ አለቀሰች። ከዚያ ሰሌዳው ያለበትን ገጽ እንደገና አንብቢልኝ አልኳት። እንደገና፣ እንደገና። ልጄ አገልጋይ የሚለው ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ ማድረግ ጀመረች፤ አባቷን እንዳይሰማው መደበቋ ነው። ያኔ ብዕሩን መለስኩት።

አንቺ ሰሌዳ እንጨት ነው አልሽ፤ እውነትሽን ነው። ግን እኔ እናቴን ከዶሮው ማደሪያ ጀርባ ሆና አይቻታለሁ። ያን ስም ስትነግረኝ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። የሰዎቹን መሬት በላች እንጂ ሰዎቹን ቤቷ አላስገባችም። አሁን መናገር ስለማትችል እኔ ወስጄ መኝታቸው ውስጥ ላስተኛት? ለዚያውም በአገልጋይነት? ለኔ ውሃ እንዲሰማኝ ብዬ?

አትፈርሚ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ይባል የለ፤ ከአጎት ሚንጎ ጋር፣ ከእናትሽ ጋር፣ ስም ካልወጣላቸው ሕፃናት ጋር ሣጥን በሣጥን ትሁን። አውራ ጎዳናውም ቢሆን ይጮህባቸው፤ ብቻዋን አትሰማውም። እኔ ለሎሬን እሺ ብያታለሁ። ሣሩ የተከረከመበት ቦታ እገባለሁ። ከእናቴ መራቄ ነው፤ በጣም ነው የሚያመኝ፤ ለሰው ደህና ነኝ እላለሁ፣ ላንቺ ግን አልዋሽም። ወረቀቱን ቅደጂውና ለቁምጣ ለባሹ ያንን የዋጥሽውን ንገሪው። እኔ ልጇ ፈቅጄልሻለሁ።

ሲያነሧት ግን ሥራ ትተሽ ሂጂልኝ። ያለ ሽርጥ ሂጂ። በሣጥኑ ላይ ስም ይጽፋሉና ስሟን ሲጠይቁሽ ቢና በያቸው። ሙሉ ስሟን ካሉሽም ቢና ነው።

ኩተር